ምስክሩ በትንፋሽ ሳይወጣ፦ በከሰል ጭስ ስለሚታፈኑ ወገኖች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
በየሆስፒታሉ ለምትገኙ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ኃላፊዎችና የፎረንሲክ ሕክምና ባለሙያዎች

ክቡራን፣

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ቲዩብ ደም ነው። በከሰል ጭስ ታፍኖ ድንገተኛ ክፍል ከገባ ሰው ክንድ፣ ኦክስጅኑ ፊቱ ላይ እንደተደረገለት፣ ግሉኮስ በሚሰቀልበት በዚያው መርፌ የሚቀዳ፣ ሰዓቱ የሚጻፍበት፣ ክዳኑ ጠብቆ የሚዘጋ አንድ ቲዩብ። ይህ ናሙና መቀዳቱ ለተረኛው ሐኪም ንቃት የሚተው ሳይሆን በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት የሥራ መመሪያ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በላብራቶሪ ሥራ ላይ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ግን ይህች ትንሽ ነገር ስትጓደል ምን ያህል ነገር አብሮ እንደሚጠፋ አይቻለሁ።

ክረምት ሲገባ፣ በበዓል ሰሞንም፣ የምናውቀው ዜና ይመጣል። ቤተሰብ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ ተኛ፤ ሲነጋ ጎረቤት በሩን ሰብሮ ገባ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ እንዳይቀመጥ ደጋግሞ ያሳስባል። ዜናው የሚነግረን ግን ስለሞቱት ብቻ ነው። ራሷን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄዳ ማስታገሻ ተሰጥቷት ወደዚያው ቤት የተመለሰችው አራስ የት ተመዘገበች? “ምች መታኝ” ብላ ዳማከሴ እያሸች የዋለችው እናትስ? “ትናንት የበላው ምግብ ነው” ተብሎ የትውከት መድኃኒት የታዘዘለት ልጅስ? የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ያከዳል። እነዚህን ምልክቶች የማይሰጥ በሽታ የትኛው ነው? ስለዚህ ሰው በዓይን ታይቶ፣ በቃል ተጠይቆ ብቻ አይለይም። መለየት ያለበት በደሙ ነው።

የሞቱት ግድ የለሾች ነበሩ የሚለውን ሐሜት አጥብቄ እቃወማለሁ። ብዙዎቹ ጥንቃቄ የሚሉትን አድርገው የተኙ ናቸው። ከሰሉን ደጅ አውጥተው አቀጣጠሉት፤ ጭሱ እስኪያልፍ ጠበቁ፤ ፍሙ ቀልቶ ንጹሕ ሲሆን ወደ ቤት አስገቡት። ከእናቶቻችን የተማርነው ይህንኑ ነው። ችግሩ፣ ጭሱ ሲያልፍ የሚያልፈው ዓይን የሚያቃጥለውና የሚታየው ክፍል ብቻ መሆኑ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የሚወጣውም ደግሞ በተለይ ከዚያ ከቀላው ፍም ነው። በተዘጋ ክፍል አየሩ እያነሰ ሲሄድ ከሰሉ ሙሉ በሙሉ መቃጠል እያቃተው ይበልጥ ያወጣዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ምንም የሚያስጠነቅቀው ነገር የለም። አያስነጥሰውም፣ አያስለውም፣ አፍንጫውን አይቆጠቁጠውም። እንቅልፍ ብቻ ይጫነዋል።

ይህ ጋዝ በሰውነታችን ላይ የሚያደርሰው ነገር ከታወቀ ቆይቷል። ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ክሎድ በርናር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጋዙ ከደም ጋር ተጣብቆ ኦክስጅንን እንደሚያስወጣ አሳየ። ከእርሱ በኋላ ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን ጋዙን ራሱ እየተነፈሰ፣ ደሙን እየለካ፣ ስሜቱን እየመዘገበ ጥናቱን በ1895 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በሚቀጥለው ዓመት በዌልስ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፍንዳታ የሞቱ ሠራተኞችን አስከሬን መርምሮ፣ አብዛኞቹን የገደላቸው ፍንዳታው ሳይሆን ከፍንዳታው በኋላ ጉድጓዱን የሞላው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አረጋገጠ። ያ የደም ማስረጃ ስለ ማዕድን ቁፋሮ ደኅንነት የነበረውን አስተሳሰብ ለወጠ። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የብሪታንያ ማዕድን ሠራተኞች ወደ ጉድጓድ ይዘዋት ይወርዱ የነበረችው ትንሽ ወፍም የእርሱ ሐሳብ ናት። ትንሽ አካል ያለው ፍጡር ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከሰው ቀድሞ ይወድቃል። በእኛም ቤት ቀድሞ የሚያስመልሰውና የሚዝለፈለፈው ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ የሆነው ለዚሁ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ተሸክሞ ወደ አካላት ያደርሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲገባ በኦክስጅኑ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ሁለቱ ተጣብቀው የሚፈጥሩት ውሕድ ካርቦክሲሄሞግሎቢን ይባላል። ይህ ውሕድ ጉዳቱም ማስረጃውም ነው። ከጠቅላላው ሄሞግሎቢን ስንት በመቶው እንዲህ እንደተያዘ ከለካን ሰውየው ጋዙን መተንፈሱን አረጋገጥን ማለት ነው። ሲጋራ በማያጨስ ሰው ደም ከ3 በመቶ በታች ይገኛል፤ በሚያጨስ ሰው እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው ከሌላ ምንጭ ተንፍሶታል።

አሁን ዋናው ጭንቀቴ ጋ ደረስኩ። በኮቪድ ጊዜ በየጤና ተቋሙ የተዳረሰችው፣ ጣት ላይ የምትቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ብዙ ሕይወት አትርፋለች። በዚህ መመረዝ ጊዜ ግን ታሳስታለች። መሣሪያዋ በሁለት የብርሃን ዓይነቶች ብቻ ስለምትሠራ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከያዘው መለየት አትችልም። የሚኒባስ ረዳት ወንበሩ መያዙን እንጂ የተቀመጠበት ማን መሆኑን እንደማይጠይቅ ሁሉ፣ እርሷም የተያዘውን ትቆጥራለች። ግማሽ ደሙ በመርዝ የተያዘ ሰው 98 እና 99 ሊያሳይ ይችላል። በሥራ የተወጠረ ተረኛ ይህን ቁጥር ሲያይ “ኦክስጅኑ ጥሩ ነው” ብሎ ወደ ሌላው ቢዞር በእርሱ አልፈርድም። ያመነው የተሰጠውን መሣሪያ ነው። በደም ጋዝ ምርመራም ቢሆን ወጥመዱ አለ። ማሽኑ የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን ለይቶ የሚለካው ኮ-ኦክሲሜትር ከሌለው የሙሌት መጠኑን በስሌት ብቻ ያወጣዋል፤ ያም መልካም ይመስላል።

መጻሕፍት “ቆዳው እንደ ቼሪ ይቀላል” ይላሉ። ይህ በሕይወት ባለ ታካሚ ላይ እምብዛም አይታይም፤ በአስከሬን ላይ የሚታየውም በነጭ ቆዳ ላይ ለተማሩ ዓይኖች የተጻፈ ነው። በእኛ ሰው ላይ ከተፈለገ በከንፈር ውስጠኛ ክፍል፣ በዓይን ሽፋን ሥር፣ በጥፍር ሥርና በመዳፍ መፈለግ አለበት፤ እዚያም አልታየም ማለት አልነበረም ማለት አይደለም። ተማሪዎቻችን ቀለሙን እየጠበቁ ምርመራውን እንዳያሳልፉት እሰጋለሁ።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ሰዓቱ ነው። ካርቦክሲሄሞግሎቢን እንደ ጠባሳ አይቀመጥም፤ ሰውየው ንጹሕ አየር በተነፈሰ ቁጥር ይወጣል። ተራ አየር በሚተነፍስ ሰው መጠኑ በ4 ወይም በ5 ሰዓታት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። በጭምብል ሙሉ ኦክስጅን ሲሰጠው ይህ የመቀነሻ ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ይህን በአንድ ጠዋት ላይ እናስበው። ጎረቤት በሩን ሰብሮ ሲያወጣት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ የአንዲት ሴት ደም 40 በመቶ ተይዟል እንበል። አየር ትቀበል ተብሎ ደጅ ተቀመጠች፣ ጸበል ተረጨላት፣ መኪና ተፈለገ፣ መንገዱ ተጨናነቀ፤ 5 ሰዓት ላይ ሆስፒታል ስትደርስ 20 በመቶ ነው። ኦክስጅን ተሰጣት፤ 6 ሰዓት ተኩል ላይ 10 ሆነ። ነገሩን የጠረጠረ ሐኪም 8 ሰዓት ላይ ደም ቢያስቀዳ 5 በመቶ ያገኛል፤ ይህ ማንኛውም አጫሽ የሚይዘው መጠን ነው። ሐኪሙ ጥርጣሬውን ይተዋል። መዝገቡ ላይ “ራስ ምታት፣ ድካም” ተብሎ ይጻፋል። ሴትዮዋ ሲመሽ ወደዚያው ክፍል፣ ወደዚያው ምድጃ ትመለሳለች።

ደሙ ቀድሞ ይቀዳ ማለቴ ኦክስጅኑ ይዘግይ ማለቴ አይደለም። ይህ እንዳይሳሳት በመመሪያው መጀመሪያ ላይ በደማቁ ይጻፍልኝ። ኦክስጅን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ናሙና አይጠብቅም። ደሙ የሚቀዳው ጭምብሉ ካረፈ በኋላ ነው። የግድ ከአርቴሪ መቀዳት አያስፈልገውም፤ ከደም መልስ ሥር የተቀዳውም በበቂ ሁኔታ ያሳያል። ለሌላ ምርመራ የምንጠቀምበት ሄፓሪን ወይም ኢዲቲኤ ያለበት ቲዩብ ይበቃል። ወሳኙ ቲዩቡ ሞልቶ መዘጋቱና ከጎኑ ሁለት ነገሮች መጻፋቸው ነው፦ ከቤቱ የወጣበት ሰዓትና ኦክስጅን የጀመረበት ሰዓት። እነዚህ ሁለት ሰዓቶች ከሌሉ 8 በመቶ የሚል ውጤት ለማንም ምንም አይነግርም። ካሉ ግን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሰውየው ሲወጣ በምን ሁኔታ እንደነበር መገመት ይቻላል።

“ሕክምናው ያው ኦክስጅን ነው፤ ለምን እንለካ?” የሚል ጥያቄ ከባልደረቦቼ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በሙሉ ልቤ ልመልሰው። እውነት ነው፣ ቁጥሩ የጉዳቱን ክብደት በትክክል አይለካም። 15 በመቶ ይዞ ራሱን የሳተ አለ፤ 30 ይዞ ቆሞ የሚያወራም አለ። ሐኪም መወሰን ያለበት ታካሚውን አይቶ ነው። ማረጋገጡ የሚጠቅመው ግን ከታካሚው አልጋ አልፎ ነው። አንድ ሰው በካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዙ ከተረጋገጠ፣ በዚያ ቤት ውስጥ የቀሩት ሁሉ፣ “እኔ ደህና ነኝ” የሚሉትም ጭምር፣ አሁኑኑ መምጣት አለባቸው። ነፍሰ ጡር ካለች ነገሩ ሌላ ነው። የፅንሱ ደም ጋዙን ከእናቱ የበለጠ ይይዛል፣ የሚለቀውም ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ እናቲቱ ቁጥሯ ወርዶ ፈገግ ስትልም ኦክስጅኗ ቶሎ መነሳት የለበትም። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ወር አልፎት፣ ድኗል የተባለ ሰው መርሳት፣ መወላገድ፣ ጠባይ መቀየር ሊጀምር ይችላል። የመጀመሪያው ቀን ማስረጃ ከሌለ ያ ሰው “አእምሮው ተነካ” ተብሎ ይቀራል፤ ዛር ሰፈረበት፣ ቡዳ በላው፣ ድግምት ተደረገበት ይባላል። መንስኤውን ያወቀ ቤተሰብ ግን ታማሚውን ይዞ ወደ ሐኪሙ ይመለሳል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤቱ አለ። በእኛ አገር የምርመራ ውጤት በቤተሰብ መካከል ትልቅ ቃል ነው። “ደምሽ ውስጥ የከሰል ጋዝ ተገኝቷል” የተባለች እናት ማታ ከሰሉን ደጅ ታሳድራለች። “ምናልባት ከሰል ይሆናል” የተባለች ግን፣ ብርዱም አለ፣ አራስም ተኝታለች፣ ቡናም ሊፈላ ነው፤ ታስገባዋለች። ይህን ስል ድህነትን ረስቼ አይደለም። ብዙ ሰው ከሰል የሚያነደው ወዶ አይደለም፤ መብራት ይጠፋል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይወደዳል፣ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። የተረጋገጠ ውጤት ቢያንስ ምርጫዋን በእውቀት ላይ እንድታደርግ ይረዳታል። ድህነትም የኛ ብቻ አይደለም፣ አደጋውም እንዲሁ። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ በረዶ መብራት ሲያጠፋ፣ ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው ሊሞቁ ሲሉ በዚሁ ጋዝ ሕይወታቸው ካለፈ ሰዎች መካከል የእኛም ወገኖች ነበሩ።

ስለሞቱት ደግሞ ለፎረንሲክ ባለሙያዎች የተለየ ቃል አለኝ። በሕይወት ባለ ሰው የሚሸሸው ማስረጃ በአስከሬን ውስጥ ይቆያል። የማይተነፍስ ሰው ጋዙን አያስወጣውም፤ ስለዚህ ከቀናት በኋላ የተቀዳ ደም እንኳ ሰውየው ሲሞት የነበረውን መጠን ይዞ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ ከ50 በመቶ በላይ ሲሆን ሞቱን ራሱን ችሎ ያስረዳል፤ ልብ ድካም ባለባቸውና በአረጋውያን ከዚያ በታችም ይገድላል። ቤተሰብ አስከሬን ምርመራ ሲባል የሚደነግጠው ሰውነቱ ይከፈታል ብሎ ነው። ሙስሊሙ በዕለቱ ሊቀብር ይቸኩላል፤ ክርስቲያኑም ዘመድ ተሰብስቦ፣ ድንኳን ተጥሎ ይጠብቃል። ለዚህ ጥያቄ ግን፣ ሕጉ የሚያዘው ሌላ ነገር ከሌለ፣ ከታፋ ሥር በመርፌ የሚቀዳ ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም ብዙ ይናገራል። ይህን ለቤተሰብ በቀና አንደበት ማስረዳት የሚችል ሰው በየጣቢያው ቢኖር እምቢ የሚለው ያንሳል።

ይህ ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ልንገራችሁ። ባልና ሚስት በአንድ ሌሊት ሞተው ሲገኙ ሰፈር ዝም አይልም። መርዝ ነው ይላል። የቤት ሠራተኛዋ ትጠረጠራለች፤ ወንድም በወንድሙ ላይ ጣቱን ይቀስራል፤ በርስት የተጣሉ ዘመዶች ለቅሶ ላይ አይገናኙም። አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ ያለ ጥፋቷ ፖሊስ ጣቢያ ልታድር ትችላለች። በሌላ በኩል፣ ወንጀለኛ ከሰል አስቀምጦ ግድያውን አደጋ ሊያስመስለውም ይችላል። እሳት በተነሳበት ቤት የተገኘ አስከሬን ደሙ በካርቦን ሞኖክሳይድ ተሞልቶ ከተገኘ ሰውየው እሳቱ ሲነሳ በሕይወት ነበረ ማለት ነው፤ ምንም ካልተገኘበት ከእሳቱ በፊት ስለሞተ ሊሆን ይችላልና ፖሊስ መጠየቅ አለበት። አንድ ቁጥር ንጹሑን ነጻ ያወጣል፣ ጥፋተኛውንም ያጋልጣል።

የመርዝ ጋዝ ማስረጃ በሰውነት ላይ ሳይመዘገብ ሲቀር ምን እንደሚከተል እኛ በታሪካችን እናውቀዋለን። ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የጣሊያን አውሮፕላኖች በተከዜ ዙሪያና በሰሜኑ ግንባር የሰናፍጭ ጋዝ ሲያዘንቡ፣ የቆሰሉትን ያከሙ የቀይ መስቀል ሐኪሞች ቃጠሎውን በዓይናቸው አይተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ለዓለም ተናግረዋል። ክህደቱ ግን ለአሥርት ዓመታት ቆየ፤ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። 60 ዓመት! የዓይን ምስክሮቹ አብዛኞቹ አፈር ከለበሱ በኋላ። ያኔ ስለ ሰናፍጭ ጋዝ ከሰው ደም ምስክርነት የሚጠይቅ ዘዴ አልነበረም።

ዛሬ አለ። የሰናፍጭ ጋዝ በሄሞግሎቢን፣ በአልቡሚንና በዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ የሚቀር አሻራ እንዳለው ታውቋል። በኢራንና ኢራቅ ጦርነት ከተጎዱ ኢራናውያን ከሦስት ሳምንታት በኋላ በተወሰደ ደም ውስጥ እንኳ ይህ አሻራ ተገኝቷል። በመጋቢት 1995 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ምድር ባቡር ሳሪን ሲለቀቅ ከተጎጂዎች ተቀድቶ የተቀመጠ ደም ቆይቶ ኔዘርላንድስ ውስጥ በተደረገ ምርመራ፣ በደም ውስጥ ካለ ኢንዛይም ጋር የተጣበቀው ሳሪን በፍሎራይድ ተላቆ ማንነቱ ታወቀ። በነሐሴ 2013 እ.ኤ.አ. በሶርያዋ ጉታ ከደረሰው ጥቃት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ከተረፉት ሰዎች ደምና ሽንት ወስደው ሳሪን መሆኑን ያረጋገጡት በዚሁ መንገድ ነው። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች እውነቱን ያተረፈው የተራቀቀው ማሽን ብቻ አልነበረም። በዚያ ትርምስ መካከል ደም የቀዳ፣ ስምና ሰዓት የጻፈ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ነበረ። ማሽኑ ቆይቶ ሊመጣ ይችላል፤ የመጀመሪያው ሰዓት ደም ግን አይመለስም።

ስለዚህ የአቅም ማነስ እንደ ምክንያት አይቅረብልኝ። ኮ-ኦክሲሜትር ያለው የደም ጋዝ ማሽን ውድ ነው፤ ካርትሪጁ ሲያልቅም ማሽኑ ለወራት ተሸፍኖ ይቀመጣል። ይሁን። በጠበቀ ቲዩብ ውስጥ የተዘጋና በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ደም ግን ካርቦክሲሄሞግሎቢኑን ለቀናት ይጠብቃል። ለኤች አይ ቪ የቫይረስ መጠንና ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ናሙና ከወረዳ ወደ ሪፈራል ላብራቶሪ የምናጓጉዝበት መንገድ ተዘርግቷል፤ በዚያው ሣጥን አንድ ቲዩብ ቢጨመር የሚከብድ አይመስለኝም። የሚቀበለው ላብራቶሪ ኮ-ኦክሲሜትር ባይኖረው እንኳ ስፔክትሮፎቶሜትር አያጣም። ደሙ ተበርዞ ሶዲየም ዳይቲዮናይት ሲጨመርበት ኦክስጅን የያዘው ሄሞግሎቢን ይለወጣል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘው ግን ባለበት ይቆያል፤ በ540 እና በ579 ናኖሜትር ያለው የብርሃን መምጠጥ ተነጻጽሮ በመቶኛ ይሰላል። ይህን በዩኒቨርሲቲዎቻችን ያሉ የባዮኬሚስትሪ መምህራን ለተማሪ ማሳየት ይችላሉ። ደም ላይ አልካሊ ጠብ አድርጎ ቀለሙን የማየት የቆየ ዘዴም አለ፤ መጠኑ ከፍ ካላለ ስለሚያመልጠው በእርሱ ተማምኖ ታካሚን መመለስ አይገባም። በትንፋሽ የሚለካው፣ ሲጋራ ለማስተው የሚያገለግለው አነስተኛ መሣሪያ ግን በትሪያጅ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ በደቂቃ ውስጥ ጥርጣሬን ያስነሳል። ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ ሠራተኞችም እመኝላቸዋለሁ፤ ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚገቡት እነርሱ ናቸውና።

ነገሩ ከሰል ላይ ብቻ እንዲቆምም አልፈልግም። የመጸዳጃ ጉድጓድ ሊጠርግ የገባ ሠራተኛ ወድቆ፣ ሊያወጣው የወረደው ጓደኛው ተከትሎት ሲሞት ሰምተናል። የገደላቸው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም በሽንትና በደም ውስጥ ታዮሰልፌት የሚባል አሻራ ይተዋል። በአበባ እርሻና በማሳ ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት የተነፈሰ ሠራተኛ ደግሞ ኮሊንኤስተሬዝ የሚባለው ኢንዛይም መጠኑ ሊወርድ ይችላል። ሆኖም ሁሉን አንድ ላይ እንጀምር ብዬ አልጠይቅም። ከሰሉ ይቅደም፤ በየሰፈሩ፣ በየቤቱ ያለው እርሱ ነው።

ከጤና ሚኒስቴር የምጠብቀው መመሪያው ከመጪው ክረምት በፊት ወጥቶ እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ እንዲወርድ ነው። “በቤት ውስጥ ከሰል ነበር ወይ? ሌላ የታመመ አለ ወይ? ደጅ ሲወጡ ተሻለዎት ወይ?” የሚሉት ጥያቄዎች በትሪያጅ ቅጹ ላይ ታትመው ይውጡ፤ የጣት መለኪያዋ በዚህ መመረዝ እንደማትታመንም በዚያው ቅጽ ይጻፍ። ከኢንስቲትዩቱ የምጠብቀው ናሙናውን የሚቀበሉ ላብራቶሪዎችን ሰይሞ ውጤቱን በአገር ደረጃ እንዲመዘግብ ነው፤ ዛሬ በከሰል ጋዝ የሚጎዱትን ብዛት በደም ማስረጃ የምንናገርበት መዝገብ ያስፈልገናል። የፎረንሲክ ባለሙያዎች ከፖሊስ ጋር ተመካክራችሁ፣ በተዘጋ ቤት ሞቶ ለተገኘ ሰው ሁሉ ይህ ምርመራ የተለመደ እንዲሆን አድርጉ። የድንገተኛ ክፍል ኃላፊዎች ደግሞ መመሪያውን ሳትጠብቁ ዛሬ ማታ ለሚገቡ ተረኞቻችሁ ንገሯቸው። ቲዩቡ እጃቸው ላይ ነው።

ረቂቁን ለማዘጋጀት፣ የላብራቶሪውን ዘዴ ለመፈተሽ፣ ተረኞችን ለማሠልጠን እኔም ሆንኩ የማውቃቸው የሙያ ባልደረቦቼ ያለ ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኞች ነን። ምላሻችሁን፣ እምቢታም ቢሆን ከነምክንያቱ፣ ሕዝብ በሚያየው መንገድ እንድትሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ
አዲስ አበባ